ማን ጻፈላት? በሴቶች የተጻፉ ታላላቅ ልብ ወለዶችና የማይለቃቸው ጥርጣሬ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሻይ ቤት የምንገናኝ ጥቂት መጽሐፍ ወዳዶች አለን። መንገዱ ሰላም ሆኖ ከአዲስ አበባ አዲስ መጽሐፍ ከደረሰን በእርሱ፣ ካልደረሰንም በቆየው ላይ እንከራከራለን። በቅርቡ የተነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር። ሴቶች ከጻፏቸው ልብ ወለዶች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው? አንዱ የጆርጅ ኤልየትን «ሚድልማርች» ጠራ፤ አንዱ የጣሊያናዊቷን የኤሌና ፌራንቴን መጻሕፍት፤ ሌላው የአሜሪካዊቷን የሃርፐር ሊን፤ አንዲቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ የነበረውን የመዓዛ መንግሥቴን ልብ ወለድ። ክርክሩ ገና ሳይሞቅ በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «መጽሐፉስ ጥሩ ነው፤ ግን እውነት ራሷ ናት የጻፈችው?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ መጻሕፍቱ ያወራ የለም። የሃርፐር ሊን መጽሐፍ የጻፈላት ጓደኛዋ ደራሲው ትሩማን ካፖቴ ነው፤ የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» የባሏ ሥራ ነው፤ ፌራንቴ የምትባል ሴት ከነጭራሹ የለችም፤ ወሬው እየተቀጣጠለ ሄደ። ከመካከላችን ሁለት ዓመት ሙሉ ልብ ወለድ ስትጽፍ የቆየች ወጣት ተቀምጣለች። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስነሣኝ የእርሷ ዝምታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ቢቢሲ ከብሪታንያ ውጭ የሚኖሩ 82 ሐያስያንን ታላላቆቹ የብሪታንያ ልብ ወለዶች የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቆ ነበር። አንደኛ የወጣው «ሚድልማርች» ነው። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ስድስቱ የሴቶች ናቸው። ሁለቱ የቨርጂኒያ ዉልፍ ሲሆኑ የቀሩት አራቱ «ሚድልማርች»፣ «ጄን ኤር»፣ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» እና «ፍራንከንስታይን» ናቸው። እነዚህ አራቱ መጀመሪያ ሲታተሙ አንዳቸውም የሴት ስም አልያዙም። አንዱ ያለ ደራሲ ስም፣ አንዱ በወንድ ስም፣ ሁለቱ ደግሞ የወንድ ይሁን የሴት በማይለይ ስመ ብዕር ወጡ። ሴት መሆናቸው ከታወቀ ሥራቸው በሌላ ሚዛን እንደሚመዘን ስላወቁ ስማቸውን ሸሸጉ። የሸሸጉት ስም ደግሞ በኋላ «ታዲያ የእነርሱ መሆኑ በምን ይታወቃል?» ለሚል ሰው በር ከፈተለት። ጥርጣሬን ሽሽት የገቡበት ጎሬ ራሱ ጥርጣሬን አራባ።

ብዙ የሚያስተምረው የ«ፍራንከንስታይን» ጉዳይ ስለሆነ እርሱ ላይ ልቆይ። ሜሪ ሼሊ መጽሐፉን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1816 ጄኔቭ አጠገብ፣ በ18 ዓመቷ ነው። በጥር 1818 ለንደን ውስጥ በ500 ቅጂ ሲታተም ደራሲው አልተጠቀሰም። መቅድሙን የጻፈው ገጣሚው ባሏ ፐርሲ ሼሊ ነበር። ታዋቂው ደራሲ ዋልተር ስኮት መጽሐፉን ሲያሔስ የፐርሲ መስሎት ነበር። የሜሪ ስም በእንግሊዝ እትም ላይ የወጣው ባሏ ከሞተ በኋላ፣ በ1823 ነው። በእኛ ዘመንም የእርሷ አይደለም ብሎ መጽሐፍ እስከ መጻፍ የደረሰ ሰው አለ።

ይህን የሚሉት ሰዎች የሚይዙት ማስረጃ አላቸው፤ ማስረጃቸውንም መሸሽ አያስፈልግም። ረቂቁ ዛሬም ኦክስፎርድ በሚገኘው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። የፐርሲ እጅም ከሜሪ እጅ ጋር አለበት። ረቂቁን ቃል በቃል የመረመረው ቻርልስ ሮቢንሰን ከ72,000 ያህል ቃላት ውስጥ ፐርሲ የጨመረው ከ4,000 እስከ 5,000 እንደሚደርስ ገምቷል። ሜሪ በቀላል ቃል ያስቀመጠችውን ፐርሲ ብዙ ጊዜ ወደ ከበደ፣ ላቲን ላቲን ወደሚል ቃል ይለውጠዋል። አንድ ቦታ ላይ ሜሪ የአንድ ቃል ፊደል ትሳሳታለች፤ እርሱ ትክክለኛውን ቃል ይጽፍና ከጎኑ በቤት ስሟ እያቆላመጠ ይቀልድባታል። ለእኔ ከቁጥሩ ሁሉ ይልቅ ይህች የዳር ጽሑፍ ትበልጥብኛለች። ሰው የራሱን ድርሰት ሲያርም ራሱን አያቆላምጥም። እዚያ ገጽ ላይ የሚታዩት የጻፈችውን የምታሳይ ሴትና እያረመ የሚስቅ ባል ናቸው።

የጎጃም ሰው ይህን ለመረዳት ኦክስፎርድ ድረስ መሄድ የለበትም። የቅኔ ተማሪ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ቆጥሮ ሲጨርስ መምህሩ ፊት ቀርቦ ነገራ ያደርጋል። መምህሩ ይሰሙታል፤ ቤቱ ከጎደለ ይሞሉታል፤ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ያቃኑታል፤ አንዳንዴም አንድ ቃል አውጥተው ሌላ ይተኩበታል። ተማሪው የታረመውን ይዞ በበዓል ቀን ቅኔ ማሕሌት ሲቆም «ይህ የመምህሩ ቅኔ ነው» የሚለው የለም። ቅኔው የእርሱ ነው፤ ነገራው ደግሞ የሥርዓቱ ነው። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራም ጎንጅም ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። እንግዲህ ተማሪው ሲታረም ባለቤትነቱን የማያጣ ከሆነ፣ ሜሪ ሼሊ በባሏ ስለታረመች ለምን ታጣለች? መምህሩ ጓደኛችን ራሳቸው ዲማ አካባቢ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። ይህን ስነግራቸው ለጊዜው መልስ አልሰጡኝም፤ «እሱስ ልክ ነህ» አሉና ወደ ኤሚሊ ብሮንቴ አለፉ።

የኤሚሊ ጉዳይ የሚከፋው ረቂቅ ስለሌለው ነው። «ዉዘሪንግ ሃይትስ» በታኅሣሥ 1847 ኤሊስ ቤል በሚል ስም ወጣ፤ ኤሚሊ ደግሞ በዓመቱ በ30 ዓመቷ ሞተች። በእጇ የጻፈችው የመጽሐፉ ቅጂ አልተገኘም። አንዳንድ ሐያስያን ቀድሞ የእህቷ የሻርሎት ያልበሰለ የመጀመሪያ ሥራ አድርገው ቆጠሩት። ቆየት ብሎ የወንድማቸው የብራንዌል ጓደኞች «የእርሱ ነው፤ ሲያነብልን ሰምተናል» የሚል ወሬ አመጡ። ብራንዌል መጠጥ የጎዳው፣ ብዙ ጀምሮ ጥቂት የጨረሰ ሰው ነበር። ብራንዌል ከሞተ በኋላ ሻርሎት በጻፈችው ደብዳቤ ላይ ወንድሟ እህቶቹ አንድ መስመር እንኳ ማሳተማቸውን ሳያውቅ መሞቱን ገልጻለች። በዚያ ቤት ውስጥ መጽሐፉ ተጽፎ ሲያልቅ ማየት የሚችሉት እህቶቿ ነበሩ፤ ሻርሎትም የኤሚሊ ነው ብላ መስክራለች። ወሬው ግን የቤቱን ምስክር አልፎ የወንድሙን ጓደኞች ሰማ።

ጆርጅ ኤልየት ላይ የደረሰው ደግሞ የጥርጣሬውን ጠባይ በግልጽ ያሳየኛል። ትክክለኛ ስሟ ሜሪ አን ኢቫንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 «አዳም ቢድ» ወጥቶ አገር ሲያወራለት፣ በትውልድ አካባቢዋ የሚኖር ጆሴፍ ሊጊንስ የሚባል ሰው ደራሲው እርሱ ነው ተባለ። እርሱም አላስተባበለም። ሰዎች አመኑት፤ እንዲያውም አሳታሚው ሳይከፍለው በድህነት ይኖራል ብለው ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። ኢቫንስ ስሟን ለመግለጥ ከተገደደችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። የጻፈችው ሴት ማረጋገጫ ስትጠየቅ ያልጻፈው ወንድ እንዲሁ ታመነ። እዚህ ላይ ነገሩ የማስረጃ ጥያቄ መሆኑ ያበቃል። ማስረጃ የሚጠየቀው ከሁለቱም ወገን እኩል ሲሆን ነው።

ስለ ሃርፐር ሊ የሚባለውም ከዚህ የተለየ አይደለም። እርሷና ካፖቴ አላባማ ውስጥ ጎን ለጎን ያደጉ የልጅነት ጓደኞች ናቸው። መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1960 ወጥቶ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ለ55 ዓመት ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመችም። «አንድ ብቻ ጽፋ ዝም ያለችው የእርሷ ስላልሆነ ነው» የሚለው ክርክር የተነሣው ከዚህ ነው። ካፖቴ ግን በሐምሌ 1959 ለአክስቱ በጻፈው ደብዳቤ መጽሐፉን እንዳየው፣ በጣም እንደወደደውና ጓደኛው እውነተኛ ተሰጥኦ እንዳላት ተናግሯል። በራሱ ሥራ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ካፖቴ የፑሊትዘር መጽሐፍ ጽፎ ዕድሜውን ሙሉ ዝም ይላል ማለት ለማመን የሚከብድ ነገር ነው። በ2015 የታተመው የቀድሞ ድርሰቷም ከአርታኢዋ ጋር እየተመካከረች ምን ያህል ርቀት እንደተጓዘች ያሳያል። ሌላም ነገር አለ። ካፖቴ ስሙን ከፍ ላደረገለት የካንሳስ ግድያ መጽሐፍ መረጃ ሲሰበስብ አብራው ሄዳ ሰዎችን ያነጋገረች፣ ማስታወሻ የያዘችለት ሊ ናት። እርሷ ጻፈችለት የሚል ወሬ ግን የዚያኛውን ያህል አልገነነም።

ለወንዶችም ጥርጣሬ ደርሷቸዋል፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። ሼክስፒር አለ። «ዶን በጸጥታ ይፈስሳል» በሚለው ልብ ወለዱ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ሾሎኮቭም ከሌላ ሰው ሰረቀ ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ተወቅሷል፤ ረቂቆቹ የተገኙት እርሱ ካለፈ በኋላ ነው። ልዩነቱ ጣቱ የሚያመለክትበት አቅጣጫ ላይ ነው። ወንዱ ሲጠረጠር በእርሱ ቦታ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ሌላ ወንድ ነው፤ ሴቷ ስትጠረጠርም የሚቀመጠው ወንድ ነው፤ ያውም አባቷ፣ ባሏ፣ ወንድሟ ወይም ጓደኛዋ።

አሁን ክርክሩ የሞቀው ፌራንቴ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኒውዮርክ ታይምስ ደራስያንንና ሐያስያንን ጠይቆ የ21ኛው ክፍለ ዘመን 100 ምርጥ መጻሕፍትን ሲያወጣ፣ ሁለት የኔፕልስ ሴቶችን ከልጅነት እስከ እርጅና የሚከተለው ታሪክ የመጀመሪያው ክፍል አንደኛ ሆነ። ፌራንቴ ስመ ብዕር ነው። መጻሕፍት አንዴ ከተጻፉ በኋላ ደራሲያቸው አያስፈልጋቸውም ስትል ገና የመጀመሪያ መጽሐፏ ሳይወጣ ለአሳታሚዋ ጽፋለች። በ2016 አንድ ጣሊያናዊ ጋዜጠኛ የክፍያ መዝገብ እየተከታተለ አንዲት ተርጓሚ ናት አለ። ቀድሞም በኋላም ጥያቄው ወደ ተርጓሚዋ ባል ይዞር ነበር፤ እርሱ ራሱ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነውና። የቃላት አጠቃቀምን በኮምፒውተር የመረመሩ ሰዎችም የፌራንቴ ጽሑፍ ከእርሱ ጽሑፍ ጋር ይቀራረባል የሚል ውጤት አገኙ።

ይህ ውጤት ቀላል ነገር ስላልሆነ አላናንቀውም። በሌላ በኩል በ2021 ስፔን ውስጥ ካርመን ሞላ የምትባል ደራሲ የ1,000,000 ዩሮ የፕላኔታ ሽልማት አሸንፋ መድረክ ላይ የወጡት ሦስት ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ ከሴት ስም ጀርባ ወንድ ሊኖር ይችላል፤ ማስረጃ ሲመጣም መቀበል ነው። እኔ የምለው ኮምፒውተሩ የሚነግረንን ለይተን እንስማ ነው። ኮምፒውተር ሁለት ጽሑፎች መመሳሰላቸውን ይናገራል እንጂ ብዕሩን የያዘውን እጅ አያይም። በአንድ ጣሪያ ሥር ለአሥርት ዓመታት የኖሩ፣ አንዱ የሌላውን የሚያነቡ ሁለት ጸሐፊዎች ቋንቋቸው ቢወራረስ ምን ይገርማል? ተወራርሰው ከሆነም ማን ከማን እንደወሰደ ቁጥሩ አይናገርም።

ይህ ዘዴ ወደ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በእንግሊዝኛ የሚቆጠሩት ጸሐፊው ሳያስተውላቸው የሚያልፉ ትንንሽ ቃላት ናቸው። በአማርኛ ግን «ስለ»፣ «እንደ»፣ «ና»፣ «ም» የመሳሰሉት በቃሉ ላይ ተጣብቀው ስለሚመጡ ከመቁጠር በፊት ቃሉን መበተን ያስፈልጋል። ፊደሉም አለ። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ» እና «ሀ»፣ «ፀ» እና «ጸ» በብዙ መጻሕፍት ውስጥ የደራሲው ምርጫ ሳይሆኑ የተየበው ሰው ወይም የአርታኢው ልማድ ናቸው። ነገ አንዱ ተነሥቶ «በኮምፒውተር አረጋግጫለሁ፤ የእርሷ አይደለም» ቢለን መጀመሪያ የምንጠይቀው የትኛውን ቅጂ፣ እንዴት በትነህ ቆጠርክ ብለን መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር እንዳይመስል ወደ ቤቴ ልመለስ። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ወንድሟ ዳዊት ሲደግም እርሷ ማጀት ሆና ወፍጮ ስትፈጭ እየሰማች ግን ብዙውን መዝሙር በቃሏ ይዛዋለች፤ እርሱ ሲሳሳት ከማጀት ሆና ታርመው ነበር ይባላል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «የገንጂ ታሪክ»ን የጻፈችው ጃፓናዊቷ ሙራሳኪ ሺኪቡ በማስታወሻዋ ያሰፈረችውን ሳነብ ትዝ ያለችኝ አክስቴ ናት። ሙራሳኪ ወንድሟ የቻይንኛ ትምህርት ሲቀጽል አጠገቡ ሆና እየሰማች ከእርሱ ቀድማ ትይዝ ነበር፤ አባቷም ወንድ ባለመሆኗ ያዝን ነበር። ሙራሳኪ ካለፈች በኋላም ዋናውን ሐሳብ ያዘጋጀላት አባቷ ነው የሚል ታሪክ ተነሣ። በ54 ምዕራፍ የተጻፈ ሥራ፣ ወንድ ባትሆን ላዘነባት አባት ተሰጠ!

ያ ዳዊት ደጋሚ ወንድሟ ሲሞት አክስቴ ለቅሶው መካከል ቆማ ሙሾ አወረደች፤ ልጅ ብሆንም እዚያው ነበርኩ።

ሞፈሩ ተሰቅሎ በሬው ቆሞ ከደጅ፣
ማሳው ከየት ያምጣ የለመደውን እጅ።

ሞፈሩ በእርግጥም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። በሬውም ደጅ ላይ ታስሮ ነበር፤ ሰው ሲበዛበት እየተንጎራደደ ገመዱን ሲጎትት ዐይቼዋለሁ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ሌላ ቀብር ላይ አንድ የተማረ ሰው ንግግር ሲያደርግ ያችኑ ግጥም «አንድ የጎጃም ባለቅኔ እንዳለው» ብሎ ጠቀሳት። ቀብሩ ሲበተን ቀረብ ብዬ የአክስቴ እንደሆነች ነገርኩት። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ትከሻዬን ቸብ አደረገና «ከሆነ ሰው ሰምታው ይሆናላ» አለኝ። አክስቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች። አልነገርኳትም።

ሙሾ የሚወጣው ሰው ሁሉ እያየ ነው፤ ግን የሚጽፈው ስለሌለ ባለቤቱ ይጠፋል። ልብ ወለድ ይጻፋል፤ ግን የሚጻፈው በር ተዘግቶ ስለሆነ ምስክር የለውም። ሁለቱንም ያሟላው የቅኔ ጉባኤ ነበር። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስታወስኩት በዚህ ምክንያት ነው። እማሆይ ገላነሽ ዐይነ ስውር ነበሩ፤ ከቅኔ መምህር አባታቸው ተምረው እዚሁ ጎጃም ውስጥ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ቅኔ አስተማሩ። ቅኔ ማፍለቅን የቅኔ ቤት ሰው «ዘረፋ» ይለዋል። በአደባባይ የሚዘረፍ፣ ተማሪ እየሰማ የሚወርድ ነገር ነውና «ማን ቆጠረላቸው?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ሥራቸውን መጽሐፍ አንባቢ የማያነብላቸው ሰው ነበሩ፤ ቅኔያቸው ግን በጆሮ ተፈተነ። በልብ ወለድ ዓለም ይህን ፈተና የሚተካ ነገር ካለ ረቂቅ ብቻ ነው፤ የተሰረዘው፣ የተደለዘው፣ ምዕራፉ ከኋላ ወደ ፊት የመጣው ረቂቅ።

የጎጃሙ ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌልን ያህል ሴት ፈጥረዋል። በዛብህ ሊያስተምራት እቤቷ ሲገባ የሚሰማትን፣ ለአባቷ የማትናገረውን ሁሉ ከውስጧ ሆነው ጽፈዋል። ይህን የሴት ልብ ወንድ ከየት አወቀው፣ ሚስታቸው ይሆኑ የጻፉት ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ባለመጠየቁ ደስ ይለኛል። ደራሲ ያልኖረበትን ልብ መግባት ካልቻለ ደራሲ አይባልም። ያንኑ እምነት ግን ለ18 ዓመቷ ሜሪም፣ ከቤት ብዙ ላልወጣችው ኤሚሊም ማበደር አለብን። «ይህን ያህል ጭካኔ ከየት አወቀችው?» የሚለው ጥያቄ ለሴት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጥያቄው ስለ መጽሐፉ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ወጣቷ አራት ደብተር በፌስታል ይዛ መጣች። ማንም አምጪ አላላትም፤ ማምጣት ያለባት መስሎ ስለተሰማት ነው ያመጣችው፤ እኔን ያሳዘነኝም እርሱ ነው። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ገለጡ። ገጹ ግማሹ በሰማያዊ፣ ግማሹ በጥቁር እስክሪብቶ ነው፤ የአንዲቱ ገጸ ባሕርይ ስም ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር ተሰርዟል። ብዙ ቆዩበት። ሻያቸው መጥቶ ቀዘቀዘ። ከዚያ ጣታቸውን የተሰረዘው ምዕራፍ ላይ አድርገው «ልጄ፣ ይህ እኮ ደህና ነበር። ለምን አወጣሽው?» አሏት። እርሷም ወንበሯን ወደ እርሳቸው አስጠጋችና ማስረዳት ጀመረች።